ባሌ ሄዳችሁ ከመኪና ሳትወርዱ እንዳትመለሱ

ጥያቄው፦ «እኅቴ ከዋሽንግተን ሁለት ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ነው። ወንዱ 13፣ ሴቷ 9 ዓመታቸው ነው። እኔና እናታችን አዲስ አበባ ነን። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ጥር ላይ አምስት ቀን ስላለን ባሌ ተራሮች እንሂድ ብለናል። የሄዱ ሰዎች ግን "በመኪና መስኮት ቀበሮ አይታችሁ፣ በብርድ ተቆራምዳችሁ ነው የምትመለሱት" አሉን። እውነት እዚያ ምን ይሠራል? ከፍታውስ ለእናቴ አይከብዳትም? ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ችግር የለባትም።»

የነገሩሽ ሰዎች አልዋሹም። ከመኪና ላልወረደ ሰው ባሌ ልክ እንደዚያ ነው። ብርድ፣ አቧራ፣ በሩቅ የሚሮጥ አንድ ቀይ ነገር፣ ከዚያ ጎባ ገብቶ ጥብስ። እኔ ዲንሾ ከተማና ሳነቴ በሚባለው የተራራው አምባ ላይ እንግዳ ስመራ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነኝ። ሳነቴን በመኪና አቋርጠው «አየነው» ብለው የሄዱ ስንቱን ሸኝቻለሁ። ያዩት አስፋልቱንና ኮረኮንቹን ነው።

ፓርኩ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ መስከረም 2016 ላይ ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ለእናንተ ግን ከዚህ ሁሉ የሚጠቅማችሁ ሌላ ቁጥር ነው፤ ከፍታው። ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በደቡብ በኩል የሐረና ደን ቁልቁል ወርዶ ወርዶ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። ሣር ሜዳው፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል፣ ቀርከሃው፣ ቡናው፣ ሁሉም በዚህ መሃል ላይ እንደ ፎቅ ቤት ተደራርቧል። የትኛውን ፎቅ በየትኛው ቀን እንደምትወጡ ካወቃችሁ ሌላው ቀላል ነው።

እናትሽን ላስቀድም። ስለ እሳቸው ብዙ አትጨነቂ። ዕድሜያቸውን ሙሉ 2,400 ሜትር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ዲንሾ መውጣት፣ ማለትም 3,100 ሜትር፣ ለጤነኛ የአዲስ አበባ ሰው ደረጃ እንደ መውጣት ነው። ለወጉ ያህል ከመነሳታችሁ በፊት ግፊታቸውንና ልባቸውን ሐኪም ይይላቸው። እኔን የምታሳስበኝ እኅትሽ ናት፤ ልጆቿም ጭምር። ዋሽንግተን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ስትደርሱ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። በስፖርት የጠነከረ ሰውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። እንዲያውም ጂም የሚሠሩ ወጣቶች ናቸው ቶሎ የሚወድቁብኝ፤ ምክንያቱም ይሮጣሉ።

አንዴ አንድ ቤተሰብ ከውጭ አገር መጣ። ቦሌ ባረፉ በማግስቱ መንገድ ጀመሩ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ላይ ነበርን። አባትየው «ቸኩለናል» አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ጫፉ ላይ ፎቶ ሲነሳ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ መኪናው ስንመለስ አስመለሰው፣ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ወደ ጎባ ስናወርደው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሻለው፣ የጉዞው ቀሪ ግን አልጋ ላይ አለቀ። ጥፋቱ የኔ ነበር። እሺ ማለት አልነበረብኝም።

ስለዚህ እኅትሽ አዲስ አበባ ቢያንስ ሁለት፣ ከቻለች ሦስት ሌሊት ትደር። ከዚያ ዲንሾ ሁለት ሌሊት። ሳነቴ በሦስተኛው ቀን ብቻ፣ እዚያም ላይ አትደሩም፤ አይታችሁ ትወርዳላችሁ። ውሃ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ቀላል ራስ ምታት ያጋጥማል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ከመጣ ግን ክርክር የለም፣ ወዲያው መውረድ ነው። ልጅ ሲሆን «ደክሞት ነው» ተብሎ አይታለፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ነው። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ አሰላ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጠዋት 12 ሰዓት ከወጣችሁ ከሰዓት በኋላ ትገባላችሁ። ዲንሾ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ነው። ክፍያው እዚያ ነው፣ አስጎብኚም ፈረስም የሚያዘው እዚያ ነው። ደረሰኙን አትጣሉ፤ ሳነቴ ላይ ይጠየቃል። እኅትሽ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ካላት ትያዘው። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል፤ በሩ ላይ ቆሞ ከመከራከር ወረቀቱን ማሳየት ይቀላል።

ሁለተኛውን ቀን ዲንሾ ስጡት። ብዙ ሰው ይህን ቀን ይዘላል፤ ሞኝነት ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለው ኮረብታ በጥድና በኮሶ ዛፍ የተሞላ ነው። ዙሪያውን በእግር ቀስ ብሎ ለመዞር ሁለት ሰዓት ይበቃል። የደጋ አጋዘን ፍለጋ መድከም የለባችሁም። ጠዋት ከማደሪያችሁ ስትወጡ ደጃፉ ላይ ቆሞ ልታገኙት ትችላላችሁ። ወንዱ ቀንዱ ጠመዝማዛ ነው፣ አንገቱ ላይ ጋማ አለው፣ ሰው ሲያይ አይደነግጥም፣ ትንሽ ንቆ ያያል። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ለሳይንስ የታወቀውም በፈረንጆች 1910 ነው፤ ይህን የሚያህል እንስሳ እስከዚያ ድረስ መደበቁ ሁሌ ያስቀኛል። ለአገሬው ሰው መቼም ተደብቆ አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስሽ። እናትሽ የድሮ ሳንቲም ማስቀመጫ ካላቸው 10 ሳንቲም ፈልገው ይያዙ። ሳንቲሙ ላይ ያለው እሱ ራሱ ነው፣ የደጋ አጋዘን። አንድ ጊዜ አንዲት አያት ሳንቲሙን ከመሐረባቸው ፈትተው ለልጅ ልጃቸው ሰጧት። ልጅቷ ሳንቲሙን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ቀንዱን ከቀንዱ ጋር ስታመሳስል ሃያ ደቂቃ ቆምን። እኔ በዚያ ቀን ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በዚያው ጉብኝት የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ታያላችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ የጋይሳይ ሣር ሜዳ አለ፣ ለጥ ያለ ነው፣ ለእናትሽ ጉልበትም አይከብድም። ማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። እኩለ ቀን ላይ አጋዘኖቹ ጥላ ፍለጋ ይገባሉ፤ የምታዩት ከብት ብቻ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ፈረስ ያዙ። የባሌ ሰው ከፈረሱ ጋር ያለው ነገር ሌላ ነው፤ ልጅ ከመራመዱ በፊት የሚጋልብ ይመስላል። ፈረሶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ዳገትና ድንጋይ የለመዱ፣ ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ ይሄዳል። ጉልበት ለሚያማቸው እናት ከዚህ የተሻለ መፍትሔ የለም። ኮርቻው እንጨት ስለሆነ ጋቢ አጥፋችሁ አንጥፉላቸው፣ እርካቡንም በልካቸው አሳጥሩላቸው። ይህን ካላደረጋችሁ ማታ ከጉልበታቸው ወገባቸው ይብሳል። ለፈረሱ ዋጋ ከባለፈረሶቹ ማኅበር ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ባለፈረሱ ተራ ጠብቆ የመጣ ሰው ስለሆነ መንገድ ላይ «ፈረስ ይቀየርልኝ» ማለት ያስቀይማል።

ልጁ 13 ዓመቱ ነው ብለሻል። ስልክ ላይ የሚውል ከሆነ ወደ ፊንጫ ሀበራ ውሰዱት። በወይብ ሸለቆ በኩል ነው፣ ይህንኑ ሁለተኛ ቀን ሙሉውን ይፈጃል፤ እናትሽና ትንሿ ዲንሾ ቢቀሩ ይሻላል። ፏፏቴ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ፏፏቴ የትም አለ። እኔ የምወስዳችሁ ለድንጋይ ጥላው ነው። 3,469 ሜትር ላይ ያለ የዋሻ አፍ ነው። አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረውት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰው እዚያ ይኖር እንደነበር አረጋግጠዋል፤ ውጤቱም በፈረንጆች 2019 ታትሟል። ያኔ ከላይ ያሉት ተራሮች በበረዶ ግግር ተሸፍነው ነበር። ሰዎቹ ምን ይበሉ ነበር መሰለሽ? ፍልፈል። አመዱ ውስጥ የተጠበሰ የፍልፈል አጥንት በብዛት ተገኝቷል። ይህን ለአንድ የ13 ዓመት ልጅ ነግሬው ስልኩን ኪሱ ያልከተተ አላየሁም። ፍልፈሉን በማግስቱ ሳነቴ ላይ በዓይኑ ያየዋል፤ ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል መሆኑ ያምራል።

ሦስተኛው ቀን ሳነቴ ነው። ከዲንሾ በሮቤ አድርጋችሁ ጎባ፣ ከጎባ ሽቅብ። ነዳጅ ጎባ ሙሉ፣ ምሳም እዚያ ያዙ፤ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። ዳገቱን እንደጨረሳችሁ ዛፍ ያልቃል፣ አስታውም ያጥራል፣ ከዚያ በድንገት ሰማይና ድንጋይ ብቻ ይሆናል። ጅብራዎቹ እዚህም እዚያም ብቻቸውን ቆመዋል። ከሩቅ ሰው ይመስላሉ፤ እኔ ራሴ መጀመሪያ ዓመት ሰላም ያልኩት ጅብራ አለ። ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። ጥር ላይ ማለዳ ከደረሳችሁ ሣሩ በውርጭ ነጭ ነው፣ ኩሬዎቹም ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል። ልጆች በጫማቸው ሲሰብሩት ይውሉ፣ አትከልክሏቸው።

አሁን ስለ ቀይ ቀበሮ። በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ባሌ ናቸው። ኦሮሞው ጄዳላ ፈርዳ ይለዋል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት። ብዙ ጎብኚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀበሮውን በመኪና እያሳደደ ይፈልጋል። ተቃራኒውን አድርጉ። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ወርዳችሁ ሃምሳ እርምጃ ራቅ በሉና ቁጭ በሉ። ለእናትሽ ታጣፊ ወንበር። ለልጁ ባይኖኩላር ስጡትና ሥራ ስጡት፦ ቀበሮ ሳይሆን ፍልፈል ይፈልግ።

የባሌ ግዙፍ ፍልፈል ሌላ የትም አይገኝም። ወደ 1 ኪሎ ይመዝናል። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፤ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ከምንም በፊት ዓይን ነው የሚወጣው። ዙሪያውን ያያል። ደኅና ከሆነ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሣር ይነጫል፣ አፉን ሞልቶ ወደ ኋላው ይመለሳል። በአጠገቡ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ አትጠፋም። እሱ አፈር ሲገፋ የሚወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች። ወፏ ድንገት ከተነሳች ፍልፈሉ ይሰወራል። ስለዚህ እኔ ወፏን ነው የማየው።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ቤተሰብ ጋር እንደዚህ ተቀምጠን ነበር። አርባ ደቂቃ ምንም የለም። ልጆቹ ሰለቹ፣ አንዱ «መኪና ውስጥ እንግባ» ማለት ጀመረ። ከዚያ ወፏ ተነሳች። ከቀኝ በኩል ቀበሮው እየመጣ ነበር፣ እግሩን አንድ በአንድ እያነሳ፣ ጆሮውን ወደ መሬት ጥሎ። እኛን አይቶናል፣ ግድ አልሰጠውም። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ በደረቱ ተኛ። የደረቱ ነጭ ፀጉር ሣሩ ውስጥ ጠፋ፣ የጭራው ጥቁር ጫፍ ብቻ ይታያል። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም፣ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ዘሎ አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰካ፣ አፈር በኋላው ተረጨ፣ ሲወጣ አፉ ባዶ ነበር። ሳተው። ራሱን አራግፎ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ። ልጆቹ ካላገኘ አንሄድም አሉ።

ቀበሮዎቹ በመንጋ ይኖራሉ፣ አደን ግን ለየብቻ ነው። ቀን ነው የሚያድኑት፣ ፍልፈሉ ቀን ስለሚወጣ። ውርጩ ከቀለጠ በኋላ፣ ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። ሌላም ነገር አላቸው፤ ከሥሩ ቢጫ ጫፉ ቀይ የሆነ፣ እንደ ችቦ የቆመ አበባ አለ፣ የአበባውን ማር ሲልሱ ታይተዋል። የእረኛ ልጆችም ይልሱታል፤ ቀምሼዋለሁ፣ ይጣፍጣል። ጊዜው ግን ክረምቱና የመኸሩ መጀመሪያ ነው፤ ጥር ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ለቀበሮዎቹ የሚጣል ምግብ አትወርውሩ፤ የመንገድ ዳር ለማኝ ያደርጋቸዋል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን መሃል ለመሃል ያቋርጣል፣ መኪና የገጫቸው አሉ። ሾፌሩን ቀስ በል በሉት፣ ቅር ቢለውም። ትልቁ ጠላታቸው ግን ውሻ ነው። ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ሸለቆው ውስጥ ውሻ ሲከተላችሁ ካያችሁ አታባብሉ፣ ለአስጎብኚያችሁ ንገሩት።

ቱሉ ዲምቱ ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣል። ስሙ ቀይ ተራራ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር አንቴና አለ፣ ነፋስ አለ፣ ፎቶ ይነሳበታል፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የመጨረሻውን መቶ ሜትር በእግራችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ልጆቹ «በእግሬ ወጣሁት» ማለት ይወዳሉ። ራሱን ያመመው ሰው ካለ ይህን ዝለሉት፤ ምንም አይቀርባችሁም።

ከዚያ ወደ ደቡብ ስትወርዱ መኪናውን የአምባው ጫፍ ላይ አስቁሙ። ይህን ቦታ ለእንግዳ ሳሳይ እስካሁን ሆዴ ይላወሳል። ከእግራችሁ ሥር መሬቱ ገደል ይሆናል፣ ከታች ደመና፣ ከደመናው ሥር የሐረና ደን። ጥምዝምዙን መንገድ ስትወርዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ እኅትሽም ትተነፍሳለች። አስታው እዚህ ዛፍ ሆኖ ጺም የመሰለ ሽበት አንጠልጥሏል። ትንሿ ልጅ የተረት ጫካ ነው ማለቷ አይቀርም።

ሪራ ወይም ካቻ አካባቢ እደሩ፤ ማደሪያ ካልያዛችሁ ድንኳን ይዘጋጅ። አራተኛውን ቀን በደኑ ውስጥ በእግር ተጓዙ፣ ያለ አስጎብኚ ግን አይሆንም፣ መንገዱ ይጠፋል። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለ፤ የሚበላው በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ነው፤ ዓይን አፋር ነው፣ ድምፅ ከሰማ ይጠፋል። አንበሳም አለ ይባላል፣ አለም፤ የማየት ዕድላችሁ ግን ከሎተሪ ያንሳል፤ ለልጆቹ ቃል እንዳትገቡ። ዛፍ ላይ የተሰቀሉ የቀርከሃ ቀፎዎች ታያላችሁ። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ከፍታ በገመድ ነው የሚወጣው። ወደ ታች ዝቅ ስትሉ ቡናው ማንም ሳይተክለው በጥላ ሥር በቅሏል። እናትሽ ከፈረስም ከቀበሮም ይልቅ የሚወዱት ይህን ይመስለኛል። አንድ ቤት ገብታችሁ ቡና አፍሉልን በሉ፣ ክፍያውን በአስጎብኚው በኩል ተስማሙ። ሲጠጡ ከወሬው አትቸኩሉ፣ ሦስተኛው ሳይደርስ መነሳት ነውር ነው፤ ይህንን መቼም እሳቸው ያውቁታል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳነቴን መልሳችሁ አቋርጡና ጎባ ወይም ሮቤ እደሩ። የከሰዓቱ ብርሃን ከጠዋቱ ይለያል። ጠዋት ቀበሮ ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ ያኔ ያገኛል። አምስተኛው ቀን መመለሻ ነው።

ሶፍ ዑመር ዋሻ እንሂድ የሚላችሁ ይኖራል። ዲንሾ አጠገብ ያለው ያው ወይብ ወንዝ ነው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ዋሻ የሠራው፣ ድንቅ ነው። ግን ከሮቤ ሌላ ሙሉ ቀን ይበላል። በአምስት ቀን አትጨምሩት፣ ለሚቀጥለው ተዉት።

ልብስ ላይ፦ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ቀኑ ግን ፀሐይ ያቃጥላል። አንድ ወፍራም ካፖርት ሳይሆን ተደራራቢ ስስ ልብስ። ጓንት፣ የጆሮ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ። እኅትሽ ከአሜሪካ ምን ላምጣ ካለች ለልጆቹ የመኝታ ከረጢት ታምጣ፤ እዚህ የሚከራየው ስስ ነው። ለእናትሽ ሁለት ጋቢ። በሶና ቆሎ ከቸኮሌት ይሻላል፣ ብርድ ላይ ቸኮሌቱ ድንጋይ ይሆናል። አስታው መሃል እሳት አታንድዱ፤ ደረቅ ስለሆነ በአንድ ክብሪት ተራራ ሙሉ ይነዳል።

አንድ የረሳሁት፦ ማር ከሪራ ስትገዙ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሆነ ክዳኑን አላልታችሁ ሳነቴን አሻግሩት። ከታች ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ጠርሙስ ላይ ሲወጣ ይነፋል። አንድ ጊዜ የእንግዳ ሻንጣ ውስጥ ፈስሶ ጎባ ስንገባ ንብ ተከትሎን ነበር።